ቅዳሜ፣ ሰኞ ገበያ

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምንሄድ» ብላት፣
የከሰላው ሰዓት አሁንም አለባት፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ መብራቱን አብርታ፣
ቶቧን ተከናንባ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
ቁጭ ብላ አገኘኋት ከበሩ አጠገብ፣
ጅቡ ከቦርከና ገና ሳይሰበሰብ።
«ይመር፣ የታለ መኪናው?» አለችኝ።
«ገና ስድስት ሰዓት!» ብዬ ሳቅሁ፤ አልሳቀችልኝ።

ስምንት ወር ሆነን ኮምቦልቻ ከገባን፣
ዕቃችን ሳይፈታ፣ ጎረቤት ሳይግባባን።
ሠላሳ አራት ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ፣
ከባቡር ሐዲዱ ጡረታዬን ቋጥሬ፣
«አገር ቤት እንግባ» ያልኳት እኔው ነኝ፤
ለሷ ስደት መሆኑ ኋላ ነው የገባኝ።

ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን፤
ሾፌሩ መብራቱን አበራው በቀን።
«ማነው ያቃጠለ? ምን ዓይነት ጭስ ነው?»
«ደመና ነው» ስላት፣ «ደመና ላይ ነው!»
አለችና ጣቷን ወደ ጣራው ቀሰረች፤
ከኋላችን ያለች ተማሪ ከት ብላ ሳቀች።
እኔም ልስቅ ብዬ፣ ዐይኗን አየሁና፣
ሳቄን ዋጥ አደረግሁት እንደ ኪኒና።

ደሴ ወርደን ሳይ ግን፣ ጦሳ እንኳን የለም!
ስንት ዓመት የማልኩበት ጋራ፣ ጉም ውጦት አይታይም።
«ያ ተራራህ የታል?»
«ከጉሙ ወዲያ ነው።»
«እሺ» አለች፣ ለበሽተኛ እንደሚባለው።

ፒያሳ ላይ ፈለግሁ የሙሄን ስፌት ቤት፤
ባንክ ሆኖ ቆየኝ፣ ፊቱ ሁሉ መስተዋት።
መስተዋቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤
አፉን ከፍቶ ያያል፤ እሱም መንገድ ጠፍቶታል።
ሰኞ ገበያን በየት እንደሚኬድ
ጠየቅሁ አንድ ወጣት።
«አባባ፣ እንግዳ ነዎት?»
ዝም አልኩ።

ኢንቲሳር ግን የራሷ ጥያቄ አላት፦
«ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ሰኞ ገበያ ምን አለ?»
«ስሙ ነው እንጂ፣ ሁልጊዜም ይቆማል።»
«እና ሰኞ ዕለት ማን ይባላል?»
ብላ ሳቀች፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ወዲህ፣ ገና አሁን ሳቀች።

ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ጥርሷን አፋጨባት፤
ሹራብ ወዳለበት ዞርን፣ እጇን ይዤላት።
ሻጯ፣ ዘምዘም የሚሏት፣ አረንጓዴውን መዝዛ፣
«ልበሽው» አለቻት፣ ትከሻዋን ይዛ፤
«አብሽሪ እናቴ፣ በዋጋ አንጣላም።»
ሚስቴ ቀጥ አለች። እኔ አላስተረጎምኩም።
«አብሽሪ»፦ እናቷ በትኩሳቷ ሌት የምትላት፣
ከጋሽ ወንዝ ማዶ የቀረ የመሰላት፤
እዚህ፣ ከሹራብ ክምር መኻል፣
በማታውቃት ሴት አፍ።
ስምንት ወር ሙሉ «በር»፣ «ውሃ»፣ «ጨው» ሳስተምራት፣
ይቺን የወሎ ቃል እንዴት ረሳኋት?

ከዚያ በኋላማ እኔን ማን ያየኛል፤
ባንድ በኩል ምልክት፣ በሌላው የቁርአን ቃል፣
የልጅ ብዛት፣ የጉልበት ሕመም፣ የዘይት ዋጋ ይወራል፤
እኔ እንደ ጃንጥላ ግድግዳ ተደግፌ፣
ቦርሳ ጠባቂ ሆንኩ፣ እስኪደርቅ አፌ።
መቶ ሃምሳ ብርም አስቀነሰች፤
እኔ ከመጣሁ አንድ ብር ያስቀነስኩበት ቀን የለም።

«ከየት ናችሁ?» አለ የፔንሲዮኑ ጎልማሳ።
«የዚሁ ነኝ፣ ግን...» ብዬ ታሪኬን ሳነሣ፣
«ከኮምቦልቻ» አለች።
ጻፈው። አለቀ።

ሌሊት፣ ከሦስት ብርድ ልብስ ሥር፣ ሹራቧን ሳታወልቅ፦
«ነገ ስንት ሰዓት?»
«ሦስት ነው።»
«በእኛ?»
በየትኛው «እኛ»? አልጠየቅኋት ዳግመኛ።
ሰዓቷን ፈትታ ትራሷ ሥር ከተተች፤
አዙራው ይሁን፣ ወይ እንዲያው እንደተወችው፣
ጨለማ ነበር፤ አላየሁም።